ላይፈታ የታሰረ ታንኳ

ባለፈው ወር ሰው በጥፊ መታሁ። የመታሁት ልጅ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ደግ ነበር፤ የመታሁትም በደግነቱ ነው።

ሥራዬ ባሕር ዳር ላይ የሞተር ጀልባ መንዳት ነው። እንግዳ ጭኜ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት እወስዳለሁ፤ ጉማሬ አሳያለሁ፣ ሻላ አሳያለሁ፣ በውሃው ዳር የቆመውን የደንገል ሣር አሳያለሁ። ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ስድስት ወጣቶች ጭኛለሁ። ከደንገሉ ጥግ ስንደርስ አንድ የታንኳ ሰው በአጠገባችን አለፈ። ማገዶ ከምሮበታል፤ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ግማሽ ጎኑ ሰጥሟል። ከወጣቶቹ አንዱ አዘነለት። በዚህ ቅጠል ታስሮ እንዴት ይኬዳል አለና ከጀልባዬ ወለል ላይ የነበረውን ሰማያዊ የናይለን ሲባጎ ከነጥቅሉ አንሥቶ ወረወረለት። "በዚህ እሰረው፤ መቼም አይፈታብህ" አለው። የታንኳው ሰው ቀለበና እጅ ነሣ። እኔ መሪውን ለቅቄ ተነሣሁና ልጁን አጮልሁት። መነጽሩ ጣና ገባ።

ምን እንዳደረግሁ አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። አውቄዋለሁ። ልደግመውም ነበር፤ ጓደኞቹ ያዙኝ እንጂ። የጀልባ ማኅበራችን ለአሥራ አምስት ቀን ከሥራ አገደኝ። ምን ቆርጦህ ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ሲባጎዬን ያለ ፈቃዴ ሰጠብኝ አልሁ። ለአንድ ጥቅል ሲባጎ እንዲህ የሚሆን ሰው አይተን አናውቅም ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። የሲባጎውን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም ጭምር።

እኔ የታንኳ ሠሪዎች ልጅ ነኝ። አባቶቻችን በድሮ ዘመን ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ነበር ስለሚባል ጎረቤት ገበሬዎች ሲጸየፉን ኖረዋል። ከሰለምን ስንት ዘመናችን፣ ጉማሬውንም ከተውነው ስንት ዘመናችን! ስድቡ ግን አልተወንም። በልጅነቴ "ጉማሬ በላ" ተብዬ ያልተደባደብሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ሁለት ጥርሴን ያጣሁት በዚህ ነው። የሌላ ሰው ደግሞ ሦስት አራግፌአለሁ፤ አልከሰርሁም።

ወላጆቻችን ቶሎ ስለሞቱ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አያ እለው ነበር። እኔ በምላሴና በቡጢዬ ስኖር እሱ በእጁ ነበር የሚኖረው፤ በቀን አሥር ቃል ቢናገር ነው። ደንገል ያጭዳል፣ ጥቂት ቀን ያጠወልጋል፣ በነዶ በነዶ ይጠቀልላል፣ ነዶዎቹን ከራሱ ከደንገሉ በተገፈፈ ልጥ አስሮ ታንኳ ያደርጋል። ታንኳ ዕድሜ የለውም። ከውሃ በወጣ ቁጥር ዳር ላይ አቁመው ካላደረቁት ይበሰብሳል፤ ቢያደርቁትም ከጥቂት ወር አያልፍም፤ ሌላ ይሠራል። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ደንገል ከሌለው እጁን ተቆርጧል ማለት ነው።

ደንገሉ ደግሞ እያለቀ ነበር። ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሲሸሽ አዲስ መሬት ይወጣል፤ ባሕር ሸሽ ይሉታል። ገበሬው ዳሩን ደንገል ያቃጥልና ባሕር ሸሹን ያርሰዋል። በየዓመቱ ጭሱን እያየን እናለቅስ ነበር፤ እኔ ከማልቀስም አልፌ ድንጋይ እወረውር ነበር። በመጨረሻ አንድ ደንገል ብቻ ቀረን። አያ፣ ሚስቱና አምስት ልጆቹ የሚኖሩት በዚያ ነበር፤ እሱ ታንኳ ይሠራል፣ እሷ ሰሌን ትሠራለች። ያ ደንገል ከተቃጠለ ከተማ ገብቶ ኩሊ ከመሆን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አያን ከነዝምታው በባሕር ዳር መናኸሪያ ሻንጣ ተሸክሞ ማሰብ ያመኝ ነበር።

ከደንገሉ የሚዋሰነው ባሕር ሸሽ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። አራት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ አራቱም እንደ እሳቸው ዱላ የማይለያቸው። እኔና እነሱ የቆየ ሒሳብ ነበረን። አንድ ጊዜ ክንዴን ሰብረውኛል፤ እኔም የታናሹን ግንባር ፈንክቻለሁ። ሽማግሌው በባሕር ሸሹ ላይ በቆሎ ዘሩ። በቆሎው ሲያሽት አንድ ጉማሬ ለመደው። ቢጮኹበት ምን ገዶት! ጠባቂ ጎጆ ሠሩ፤ ጎጆውን ረግጦት አለፈ። ከዚያ ልጆቹ በመንገዱ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ሹል እንጨት ተከሉና ሣር አለበሱት።

አንድ ማለዳ ገባ። ጩኸቱን ሰምተን ስንሮጥ ደረስን። ፊቱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ኋላው ውጭ ነው። እንጨቱ ብብቱ ሥር ገብቶ ተሰብሯል። ልጆቹ በጦርና በገጀራ ይወጉታል፣ ድንጋይ ያወርዱበታል። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ደሙ ከጭቃው ጋር ተለውሷል። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ በሬ ሲታረድም፣ ሰው ሲያቃስትም ይመስላል። አያ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኔ ግን ቆሜ አየሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? በነሱ በቆሎ የመጣ በነሱ ጉድጓድ ሲገባ ማየት ደስ ይል ነበር። ድንገት ጉማሬው አፈሩን ንዶ ወጣ። ፊት ለፊቱ ከቀንበር ያልተፈታ የሽማግሌው በሬ ቆሟል። አንዴ ነው የነከሰው። የበሬው ሆድ ተዘረገፈ። ጉማሬው እያነከሰ፣ ደሙን እያንጠባጠበ፣ ደንገላችን ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ሽማግሌው በሬያቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ደንገሉ ዞሩና እሳት አምጡ አሉ። ጉማሬው ቆስሎ የተኛበት ስፍራ ለሰውም ለከብትም መቅሠፍት ነው፤ ደንገሉ ይንደድና ይውጣ አሉ። ልጆቹ ችቦ ይዘው ሲመጡ አያ ከደንገሉ ፊት ቆመ። ታላቁ ልጅ በዱላ ጎኑን አለው። እኔ እሳት ጎርሼ ገባሁበት። ማን ማንን እንደመታ አላውቅም፤ ጭቃ ውስጥ ተንከባለልን፣ ጆሮ ነከስሁ፣ ጥርሴ ደም ደም አለ። የሰፈር ሽማግሌዎች ደርሰው ሲገላግሉን አያ ጎኑን ይዞ እንደቆመ ነው። ተናገረ። ጉማሬውን እኔ አወጣዋለሁ አለ፤ አባቶቻችን መንገዱን ያውቁ ነበር፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሳልገድለው ወደ ሰፊው ባሕር እነዳዋለሁ። በአያ አፍ ይህን ያህል ቃል ሲወጣ ያን ቀን ሰማሁ።

ሽማግሌው፣ "እስከ ቅዳሜ" አሉ። "ከወጣ ደንገሉን እኔም ልጆቼም አንነካውም። ካልወጣ አነደዋለሁ።" በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሉ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

የአያ ታንኳ በስብሶ ነበር። እሱ ጉማሬው በየት በየት እንደሚሄድ ሊያጠና ደንገሉ ውስጥ ሲገባ፣ ቀድሞ ባጠወለገው ደንገል አዲስ ታንኳ እሰር አለኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ከተማ ወጣ ገባ ማለት ጀምሬ፣ በሞተር ጀልባ ላይ ረዳት ሆኜ፣ ዓይኔ በርቶልኝ ነበር፤ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ልጥ መግፈፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ እጅ ይልጣል፣ ያውም በወሩ ይበጠሳል። የድህነት ነገር ነው አልሁ። ዓባይ ማዶ ካለ ሱቅ ሰማያዊ የናይለን ሲባጎ ገዛሁና በእግሬ እየረገጥሁ፣ በጥርሴ እየጎተትሁ አሰርሁት። እንደዚያ ጠንክሮ የታሰረ ታንኳ ጣና አይቶ አያውቅም። ዓለቱ ላይ ብትወረውረው ንቅንቅ አይልም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አያ መጥቶ አየው። በአውራ ጣቱ ቋጠሮውን ጫን ጫን አደረገ።

"ማን ይፈታዋል ይህን?" አለ።

"ላይፈታ ነው ያሰርሁት" አልሁት፤ በኩራት።

ማጭዱን ከወገቡ መዘዘ። ሊቆርጠው ነው ብዬ ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ፤ አየኝ። ከዚያ ማጭዱን መልሶ ሻጠው። ጊዜ የለንም ብቻ አለ። በነጋው ማለዳ ስንነሣ በእኔ ሲባጎ የታሰረውን ታንኳ እሱ ወሰደ፤ እሱ ራሱ ቀደም ብሎ በልጥ ያሰረልኝን የእኔን አሮጌ ታንኳ ለእኔ ተወልኝ። አዲሱን የወሰደው ታላቅ ስለሆነ ነው ብዬ እንደ ልጅ ቅር አለኝ። ወይ አለማወቅ!

ደንገሉ ውስጥ በየብስ በኩል ገባን። ከበስተጀርባችን ገበሬው ሁሉ ዳር ቆሟል። ነገሩ ቀላል ነበር፦ በሁለት ታንኳ ጎን ለጎን እየሄዱ ጀሪካን መደብደብ፣ የባሕሩን ወገን ክፍት መተው፣ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል ፈጽሞ አለመግባት። ጤነኛ ጉማሬ ቢሆን ይወጣ ነበር። ይሄ ግን ቆስሏል። አንድ አርጃኖ ከፊታችን ውሃ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ዳክዬዎቹ ተነሡ፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ዝም አለ። ወዲያው አረፋ አየሁ፤ ከእኔ ታንኳ ሥር ነው።

ታንኳዬን ከወገቡ ነከሰው። ልጡ ተበጣጠሰ። ነዶዎቹ እንደ እህል ነዶ በያቅጣጫው ተበተኑ፤ ውሃው ላይ ራሴን ሳገኝ አንድ ነዶ አቅፌ እንሳፈፋለሁ። ጉማሬው ከእኔ አራት ክንድ ርቆ ባዶውን ነዶ ያኝካል፣ ያራግፋል፣ ይቦጫጭቃል። እኔን ረስቶኛል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ታንኳ በልጥ የሚታሰረው በድህነት አይደለም። ሲነከስ እንዲበተን ነው። አውሬው ደንገሉን ሲበላ ሰውየው አንድ ነዶ አቅፎ እንዲቀር ነው። ይህንን አያ ነግሮኝ አያውቅም፤ ሲሠራ እያየሁ ስላደግሁ የማውቅ መስሎታል።

"አያ፣ ዝለል!" ብዬ ጮኽሁ።

አያ ግን ጉማሬውን ከእኔ ሊያርቅ፣ ጀሪካኑን እየደበደበ ወደ ራሱ ይጠራው ነበር። መጣለት። የአያን ታንኳ ከኋላው ነከሰው። አልተበተነም። ደግሞ ነከሰው፤ አልተበተነም። ሲባጎው ጥርሱ ላይ ተጠመጠመ። አያ ወደ ፊት ወደቀ፤ አንድ እግሩ ከነዶው ጋር በሲባጎው ሥር ገባ። ጉማሬው ታንኳውን ማላቀቅ ሲያቅተው አበደ። ራሱን እየነቀነቀ፣ ታንኳውን ውሃው ላይ እየደበደበ፣ ወደ ሰፊው ባሕር ሄደ። አያ አንድ ጊዜ ከውሃው ወጣ፤ ማጭዱን ይዟል፤ እግሩ ሥር እየቆረጠ ነው። ሁለተኛ ሲወጣ እጁ ብቻ ነበር። ሦስተኛ የለም። ዳር ከቆሙት አንድ ሰው ደረታቸው ድረስ ውሃ ገብተው ነበር፤ ሽማግሌው ናቸው፤ ልጆቻቸው ጎትተው አወጧቸው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ናይለንንም ይጨምሩበት።

ሦስት ቀን ፈለግነው። ገበሬውም እኛም በአንድ ላይ ዳር ዳሩን ስንዞር ሰነበትን። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ከዘጌ መንገድ ወዲህ በበቀለ የፊላ ሣር ውስጥ። ደንገሉ ላልቶ እንደ ገንፎ ሆኗል። ሲባጎው ግን ሰማያዊነቱ እንኳ አልደበዘዘም። ከአያ ቁርጭምጭሚት በላይ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ቋጠሮው የእኔ ቋጠሮ ነው፤ አልላላም። በማጭድ አራት ቦታ ቆርጬ አወጣሁትና ከሸሚዜ ሥር ሸጎጥሁት። ከዚያ ነው ሰው የተጣራሁት። ቀድመው የደረሱት ሽማግሌው ነበሩ።

ጀናዛው ላይ መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እኔ አፈር ስመልስ ቆይቼ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ማጭዱ ወገቤ ላይ ነበር።

"አንተ ነህ የገደልኸው! ለአንድ በሬ!" አልሁና ማጭዱን መዝዤ ትከሻቸው ላይ አሳረፍሁባቸው። ሽማግሌውን አንተ አልሁ፤ በሰው ፊት፣ በመቃብር ላይ። አጥንት ሲነካ ተሰማኝ። ልጆቻቸው ሊፈጁኝ ሲመጡ በደህናው እጃቸው ከለከሏቸው። ደማቸው እየወረደ አንድ ቃል ሳይመልሱልኝ ሄዱ። አልከሰሱኝም። በሽምግልና ታረቅን ተባለ።

ግን ዳርቻው ሁሉ ቃሌን ተቀበለ። ለበሬው ብሎ ሰው ለአውሬ የሰጠ ተባሉ። ገበያ ላይ ሰው ፊቱን ያዞርባቸው ጀመር። ሽማግሌው ሲያልፉ የአያ ልጆች ምራቅ ይተፉባቸዋል፤ እኔ እያየሁ። እሳቸው ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ጉማሬው ወጥቷላ! ደንገሉ ይኸው እስከዛሬ አለ፤ ልጆቻቸው እንኳ አንድ አገዳ አልቆረጡበትም። የአያ ሚስት በዚያው ሰሌን እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። እኔ ታንኳ ማሰር ተውሁ። ሲባጎውን አቃጠልሁት፤ ናይለን ግን ሲቃጠል አመድ አይሆንም፣ ቀልጦ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። ከቤቴ ጓሮ ቀበርሁት። ይህ ሁሉ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈው።

እንግዲህ ባለፈው ወር ከሥራ ስታገድ፣ በሦስተኛው ቀን ቢላ ይዤ ያን የታንኳ ሰው ፍለጋ ሄድሁ። ሲባጎውን ልቀማው ነው፤ እንቢ ካለም ታንኳውን ከነነፍሱ ልተለትለው ነው። አገኘሁት፤ ታንኳውን ዳር ላይ አቁሞ እያደረቀ ነው። በልጥ የታሰረ ነው። ሲባጎው ከሁለት ዛፍ መካከል ተወጥሮ የሚስቱ ልብስ ተሰጥቶበታል።

ለምን ታንኳውን እንዳላሰረበት ጠየቅሁት። ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፤ የማሾፍ መስሎት ሳቀ። "ጉማሬ ያለበት ውሃ ላይ?" አለኝ። "ታንኳ ሲነከስ መበተን አለበት እንጂ። ይህን የማያውቅ የታንኳ ልጅ አለ እንዴ?"

"አለ" አልሁት።

ቢላውን እዚያው ትቼለት መንገዱን ቀጠልሁ። እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ አውቄዋለሁ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፤ የመታሁት ትከሻ ወደ ታች ተንጋዷል። ቆሜ ነገርኋቸው። ስለ ሲባጎው፣ ስለ ቋጠሮው፣ ስለ ሸሚዜ። ሲሰሙ ዓይናቸውን ከደንገሉ ላይ አላነሡም።

"ገመዱን አይቼዋለሁ" አሉኝ። "ያን ቀን ጫፉ ከሸሚዝህ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኋቸው። 

"ብናገር ታንቀህ ትሞት ነበር። ከአንድ ደንገል ሁለት ሬሳ አይወጣም አልሁ።" ከዚያ፣ "ቅረብ" አሉኝ።

ቀረብሁ። ተነሡ፤ ዱላቸውን በደህናው እጃቸው አነሡና ትከሻዬ ላይ አወረዱት። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጉልበት ይኖራል አልልም ነበር። መሬት ያዝሁ። ሁለተኛ አልመቱኝም። ይህ የእኔ ነው አሉ፤ የወንድምህን ደግሞ ለሚስቱ ትነግራለህ፣ ተነሣ፣ እኔም እመጣለሁ። ተነሣሁ። በደንገሉ ዳር ዳር፣ እኔ ክንዴ ተንጠልጥሎ ከፊት፣ እሳቸው ዱላቸውን ተመርኩዘው ከኋላ፣ ሄድን። 

የአያ ሚስት ደጃፏ ላይ ሰሌን እየሠራች ነበር። ሽማግሌው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያን ግቢ ረግጠው አያውቁም። ቀና ብላ አየቻቸውና ፊቷ ጠቆረ። ደንገሉን ከእጇ ጣለች።

"ይህን ሰውዬ ለምን አመጣህብኝ?" አለችኝ።

"አስገቢያቸው" አልኋት። "አያን የገደልሁት እኔ ነኝ።"